ምስጥ የበላውን ያነበበችው ስርጉት

ስርጉት በመጽሐፍ ቀልድ አታውቅም። ይህን መተማ ዮሐንስ ላይ ከሰሊጥ ማበጠሪያው እስከ ጉምሩክ ኬላው ድረስ የማያውቅ የለም። የገጽ ጫፍ ያጠፈ፣ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የገለጠ፣ የሻይ ብርጭቆ መጽሐፍ ላይ ያሳረፈ ሰው ከእሷ ምላስ አያመልጥም። ሳጂድን እንኳ፣ ያንን ግዙፍ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ግራሶ በነካ እጁ መጽሐፍ ሲይዝ አይታ በሰው ፊት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አስታጥባዋለች። እሱም ታጥቧል። ምን ያድርግ፤ ከስርጉት ጋር ተኳርፎ እሑድን ማን ያሳልፋል።

እሑድ ማለቴ ያለ ነገር አይደለም። እሑድ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ማቃጠሏን ትንሽ ስትተው፣ አራት ሰዎች በሩፊዳ ራኩባ ሥር ይሰበሰባሉ። ራኩባዋ በአራት ባላ ላይ ሣር የተከደነባት ጥላ ናት፤ ሩፊዳ ሻይና ቀዝቃዛ ከርካዴ ትሸጥባታለች። አራቱ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው በየተራ አሁን ምን እያነበቡ እንደሆነ ይነጋገራሉ። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ሌላው ሰው ስለ ሰሊጥ ዋጋና ስለተዘጋው መንገድ ሲያወራ፣ እነሱ ስለሌሉ ሰዎች ኑሮ ይጨቃጨቃሉ። መንገደኛው ያያቸውና የጤና አይደሉም ብሎ ያልፋል።

አንዷ መቅዲ ናት፤ የሳይንስ መምህርት፣ ዝግ ያለች፣ ነገር አጣርታ የምትናገር። ሳጂድን ነግሬያችኋለሁ፤ ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ሲወጣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እየለቃቀመ የሚያመጣው እሱ ነው። ሦስተኛው ጋሽ ፈረደ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ትራክተር የነዱ፣ ግማሹን የመተማ መሬት እኔ ነኝ የገለበጥኩት የሚሉ ሽማግሌ። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊደል አይለዩም። የሚመጡት ለመስማት ነው። አራተኛዋ ራሷ ስርጉት ናት። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማበጠሪያው መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ የሚለቅሙትን ሴቶች ትቆጣጠራለች። ትምህርቷ ከሰባተኛ ክፍል ቢቆምም ንባብ ላይ መምህርቷን መቅዲን ታስከነዳለች።

በጋሽ ፈረደ ምክንያት አንድ ልማድ አበጅተዋል። አንድ ሰው አንብቦ የጨረሰውን ለጋሽ ፈረደ ቁጭ ብሎ ይተርክላቸዋል። ሌሎቹ ያላነበቡት ቢሆንም ጆሯቸውን አይደፍኑም፤ የሰሙትን ደግሞ በዓይናቸው ማንበብ ለእነሱ ሌላ ጣዕም አለው። በትረካ ደግሞ እንደ ስርጉት የሚሆን የለም። ስርጉት ስትተርክ ሩፊዳ እንኳ፣ አማርኛዋ ገና የሚንገዳገደው ሱዳናዊት፣ ማንኪያዋን ብርጭቆ ውስጥ ትታ ታዳምጣለች።

በነሐሴ ሳጂድ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋን የለው፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉት፤ ማን እንደጻፈውም ስሙ ማን እንደሆነም የሚያውቅ ጠፋ። ስለ አንድ የወፍጮ ባለቤት ስለሆነ ባለወፍጮው አሉት። መስከረም ላይ ሙቀቱ ሲመለስ የጀርባው ሙጫ ቀለጠና ገጾቹ እንደ ቅጠል ይረግፉ ጀመር። ስርጉት ከመጋዘን የጆንያ መርፌና ሲባጎ አምጥታ መጽሐፉን አራት ቦታ ከፈለችው፤ አራት ጥራዝ አድርጋ ሰፋችው። በዚህ ደስ አላቸው፤ አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው በየተራ ለማዳረስ ይቀላል። ማንም ግን ተራው ሳይደርስ ወደ ፊት ማንበብ አይችልም። ሁለተኛ ደንብም ነበር፤ ስርጉት ራሷ ናት ያወጣችው። መጽሐፍ መሬት አይነካም። ሁሉም በየቤቱ በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ከጣሪያው ማገር ላይ ያንጠለጥላል። ቆላ ነዋ፤ ምስጡ አልጋ የሚበላበት አገር። ይህን ደንብ በየእሑዱ ስትደጋግመው ሳጂድ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት ይላት ነበር።

የመጽሐፉ ነገር እንዲህ ነው። ባለወፍጮው ከአንድ ልጁ ጋር ተጣልቶ ከቤት ያባርረዋል። ልጁ ሩቅ አገር ሄዶ ሰው ይሆናል፤ አባት በኩራቱ ስሙን እንኳ አያነሳም። በሁለተኛው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ከልጁ ደብዳቤ ይመጣል፤ ባለወፍጮው ሳይከፍት ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። እዚያ ላይ ነበር ያቆሙት። ሦስተኛውን ጥራዝ ቀድማ የማንበቡ ተራ የስርጉት ሆነ። አራተኛው መቅዲ ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀመጠ። ጋሽ ፈረደ የዚያን ቀን ሲለያዩ፣ ቶሎ ጨርሺልኝ እንግዲህ፣ ያ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ አሏት።

ያሏት ዝም ብለው አልነበረም፤ ሦስቱም ያውቃሉ። ጋሽ ፈረደ ዓለምሰገድ የሚባል ልጅ አላቸው፤ አብርሃ ጅራ ከተማ ነው የሚኖረው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲዳር አባት ጠጥተው ነበር፤ በሙሽራይቱ ቤተሰብ ተናደዋል፤ ዳሱ ውስጥ ከሰው ሁሉ ፊት ቆመው ይህ የኔ ልጅ አይደለም ብለው ወጡ። በማግስቱ ስካሩ በረደ፣ ቃሉ ግን ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ሽማግሌ ይላክ ሲሏቸው፣ ምን ብዬ ልላክ፣ አፈርኩኮ ይላሉ።

ጥቅምት ገባ። ጥቅምት መተማ ላይ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መንገር ይቸግራል። ሰሊጥ ደረሰ ማለት ደረሰ ነው፤ አንድ ቀን ካሳደሩት ቆባው ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ ከተማውን ይሞላዋል፤ መኪናው መጋዘን በር ላይ ይሰለፋል። ስርጉት ጎሕ ሲቀድ ገብታ ሲጨልም ነበር የምትወጣው፤ እሑድም ሥራ ነው። አንድ ምሽት ሦስተኛውን ጥራዝ ከማገሩ አወረደችና ጋደም ብላ ልታነብ ከፈተች። አንድ መስመር ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። ሲነጋ ጥራዙ ወለል ላይ ወድቋል፤ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ይጠራታል፤ ማታ አነሳዋለሁ ብላ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረገችው። ማታ ረሳችው። በነጋታውም ረሳችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነገ ራኩባው ሥር እንደሚገናኙ ሲነገራት ትዝ አላት። አልጋው ሥር እጇን ሰደደች። ጥራዙ ቀለለባት። ወደ ብርሃን ስታወጣው ላዩ ደረቅ አፈር ለብሷል፤ ስትነካው እጇ ላይ ተፈረካከሰ። የቀረው የገጾቹ ጠርዝና የሰፋችበት ሲባጎ ብቻ ነበር። ምስጥ ሲባጎ አይወድም መሰለኝ። ስርጉት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።  አንድም መስመር አላነበበችውም፤ ሌላም ሰው አላነበበውም፤ አገር ውስጥ ሌላ ቅጂ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሄዶ፣ ጉድ ሆንኩላችሁ፣ ምስጥ በላው ብሎ ይገላገላል። ስቀው፣ ትንሽ ተቆጥተው ይተዉታል። ስርጉት ግን የሰውን እጅ ስታስታጥብ የኖረች ሴት ናት። መጽሐፍ መሬት አይነካም እያለች ያደነቆረቻቸው እሷ ናት። ያንን አፈር ይዛ ሳጂድ ፊት መቆም ከሞት ባሰባት። ሰው ባልተጠየቀበት ነገር እንዲህ ሲኮራ ውሎ፣ መጨረሻው ይኸው ነው። አፈሩን ጠራርጋ ጓሮ ደፋችው፤ ሲባጎውን ኪሷ ከተተች።

እሑድ ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች። ጥራዙን እርሻ ቦታ የሰነበተ የአክስቴ ልጅ አንብቤ ልመልስ ብሎ ወሰደብኝ አለቻቸው። ሳጂድ ጭኑን መታ። እሷ ለሰው አሳልፋ የሰጠች ዕለት ዓለም አለቀች ማለት ነው ብሎ ሲሳለቅባት ስርጉት በሆዷ አመሰገነችው፤ በትንሹ ኃጢአት መሰደብ ትልቁን ይሸፍንላታል ብላ። መቅዲም ግድ የለም፣ ይመለሳል አለች። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ይህን አልተርክላችሁም ነበር። ጋሽ ፈረደ ግን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና ጥራዙ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን፣ አንቺ አንብበሽዋል፣ ንገሪን አሉ።

አላነበብኩትም ማለት ትችል ነበር። ሁለት ቃል አይሞላም። ነገር ግን ሰው ወሰደብኝ ያሉትን መጽሐፍ አላነበብኩትም ማለት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ አሥራ አምስት ቀን ምን ስትሠሪ ከረምሽ ይሏታል።  ከዚያ አፏን ከፈተች።

ባለወፍጮው ደብዳቤውን ከፈተው አለች። ልጁ ደብዳቤው ላይ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው አለች፤ አባቴ ሆይ፣ የምጠብቀው አንተ እንድትመጣ ብቻ ነው ይላል። ባለወፍጮው ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ወፍጮውን ዘግቶ በእግሩ ተነሳ። አምስት ቀን ሄደ። የልጁ በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል ጠፋበት፤ በመጨረሻ ግን እንዲህ አለ፤ ልጄ፣ ያልኩህን ቃል ልመልሰው ነው የመጣሁት። ልጁ ገና ድምፁን ሲሰማ ጫማ ሳያደርግ ሮጦ ወጣ። አባቱን አስቀምጦ እግሩን አጠበው። ስርጉት ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ተለወጠ። ከመጽሐፍ አንብባ በተረከችበት ቀን ሁሉ እንዲህ ተርካ አታውቅም።

ከየት እንዳመጣችው እሷ ታውቃለች። ሳንጃ ከተማ የሚኖረው አባቷ በአሥራ አምስት ዓመቷ ለማታውቀው ሰው ሊድራት ሲል ነበር ከቤት የጠፋችው። ሃያ ዓመት አልፎ፣ ሁለት ዓመት ይሆናል፣ አባቷ አድራሻዋን አፈላልጎ መተማ ድረስ መጣ። የቆርቆሮ በሯን አንኳኳ፤ እኔ ነኝ አለ። ስርጉት ውስጥ ነበረች። ትንፋሿን ውጣ ቆመች እንጂ አልከፈተችም። ባየሽ የምትባለው ጎረቤቷ፣ ስርጉት በመስኮት በሰጠቻት ምልክት መሠረት፣ የለችም ብላ መለሰችው። እንግዲህ ራኩባው ሥር ያንን በር ከፈተችው። ልጁ ሮጦ የወጣው እሷ ስላልወጣች ነው። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ለራሷም ቢሆን ደፍራ ያሰበችው ያን ቀን ነው።

ተርካ ስትጨርስ ሩፊዳ ዓይኗን በሻርፓዋ ጠረገች። የጋሽ ፈረደ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሳጂድ እንኳ የሚቀልድበት አጥቶ ጎማውን ሊያይ ተነሳ። ጋሽ ፈረደ በዱላቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆይተው ተነሥተው ሄዱ። ስርጉትን ያን ሰዓት፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ደስ ብሏት ነበር። ቤቷ ስትደርስ ነው ነገሩ የቆረቆራት።

ማክሰኞ ጋሽ ፈረደ መጋዘኑ በር ላይ መጡ። አስጠርተው ወደ ጥላ ፈቀቅ አደረጓት። ያን የሚያህል ሰው ቃል ሲያጣ ማየት ያሳቅቃል።

«ያ ደብዳቤ፣ እንዳልሽው ነው የሚለው? እንድትመጣ ብቻ ነው የምጠብቀው ይላል?»

ስርጉት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገብቷታል። እዚህ ላይ መናገር ነበረባት፤ ሰው የለ፣ ሳጂድ የለ፣ የሚስቅባት የለ፤ ዓይናቸው የፈዘዘ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። አፏ ግን አልታዘዘላትም። አንዴ የተናገረችውን ማፍረስ ራሷን ማፍረስ መሰላት።

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጋሼ» አለች።

አሁንም አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅዳሜ ጠዋት የሳጂድ ጓደኛ ወደ አብርሃ ጅራ ባዶ መኪና ይዞ ሲሄድ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጡ። አዲስ ነጠላ አጣፍተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው። ሳጂድ ሊሸኛቸው ሄዶ ነበር፤ የሠርግ ሽማግሌ መስለው ሄዱ ብሎ ለስርጉት ሲነግራት ጆንያ መቁጠር ጀመረች። ተሳስታ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

በማግስቱ እሑድ ራኩባው ሥር ሦስት ሆነው ተቀመጡ። መቅዲ አራተኛውን ጥራዝ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። የስርጉት ዘመድ እስኪመለስ መጠበቅ ሰለቸን፣ ሦስተኛውን ሰምተነዋል፣ ይኼን እንጀምረውና ለጋሽ ፈረደ ሲመለሱ እንተርክላቸዋለን አለች። ስርጉት ደንቡ አይፈቅድም ልትል ቃጣት። በየትኛው አፏ። መቅዲ ጥራዙን ከፈተችና በዚያ በተረጋጋ የመምህር ድምፅዋ ማንበብ ጀመረች።

«ባለወፍጮው በተቀበረ በአርባኛው ቀን ልጁ መጣ። እናቱ የአባቱን ካፖርት ሰጠችው። ኪሱ ውስጥ የራሱን ደብዳቤ አገኘው፤ እንደታሸገ ነበር።»

መቅዲ ቆመች። ገጹን ገለጠች፤ መልሳ የመጀመሪያውን መስመር በዝምታ አነበበችው። ሳጂድ፣ እንዴ፣ አባትየው ሄዶ ልጁ እግሩን አጥቦት አልነበር እንዴ፣ ተሳስተሽ ሌላ ቦታ ከፍተሽ እንዳይሆን አላት። መቅዲ ቀና ብላ ስርጉትን አየቻት። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም ዓይኗ፤ ግራ የገባው ሰው ዓይን ነበር። የስርጉት ፊት ፍም መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ የመተማ መሬት ግን ለወረቀት እንጂ ለሰው አይከፈትም። እጇን ኪሷ ከታ ያንን ሲባጎ አወጣችና አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

ሁሉንም ተናገረች። አልጋ ሥር በእግሯ እንደገፋችው፣ ምስጥ እንደበላው፣ የአክስት ልጅ የሚባል እንደሌለ፣ የተረከችው ሁሉ ከሆዷ እንደሆነ። አንገቷን ደፍታ ነበር የምትናገረው። ሳጂድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መጽሐፍ መሬት አይነካም እያለ ሲስቅ ሩፊዳም ሳይገባት አብራ ሳቀች። ስርጉት ይህን ሳቅ ነበር ስትፈራው የሰነበተችው፤ ሲመጣ ግን ምንም አልነበረም። እንዲያውም ቀለል ሊላት ነበር። ያኔ መቅዲ ጥራዙን ከደነችው።

«ጋሽ ፈረደስ?» አለች።

የሳጂድ ሳቅ ቀጥ አለ። ለጓደኛው ስልክ መታ፤ ኔትወርክ የለም። ሁለተኛ ሞከረ፤ የለም። ሽማግሌው ራሳቸው ስልክ አይዙም። አሁን ደርሰዋል አለ ሳጂድ፤ ትናንት ማታ ነው የሚገቡት።  ስርጉት ሳትሰናበት ተነሥታ ሄደች፤ የሻይዋን እንኳ አልከፈለችም፤ ሩፊዳም አልጠራቻትም።

ቀጥሎ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ሴቶቹ ሰሊጥ ሲለቅሙ ድንጋይ ቢያሳልፉም አልተናገረቻቸውም። ከጣሪያዋ ማገር የሚንጠለጠለውን ባዶ ከረጢት ፈትታ ጣለችው። ምናልባት ልጁ ወጥቶ ይሆናል፣ ምናልባት ታርቀው ይሆናል እያለች ራሷን ልታጽናና ትሞክራለች፤ ወዲያው ደግሞ በውሸቷ ልታተርፍ እንደምትመኝ ሲገባት እፍረቱ ይብስባታል። ቢታረቁ እንኳ ምስጋናው የማነው። ባይታረቁስ?

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የበሩ ዘበኛ ሽማግሌ ይፈልጉሻል አላት። ጋሽ ፈረደ ናቸው። አቧራ እንደለበሱ፣ ከመኪና ወርደው ቤታቸው እንኳ አልደረሱም። ነጠላቸው ተጨማድዷል። ባዶ ጆንያ ክምር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ውኃ ሰጠቻቸው። ጠጡና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

ዓለምሰገድ አልወጣም። ቤቱን ሰው አሳያቸው። ጫማው በር ላይ ነበር፤ ውስጥ ሬዲዮ ይናገር ነበር። አንኳኩ፤ እኔ ነኝ አሉ። ሬዲዮው ጠፋ። ከዚያ ምንም የለም። ቆመው ቆመው ወደ መኪና ማቆሚያው ተመለሱ፤ የሚመልሳቸው ጭነት እስኪያገኙ አራት ቀን ምግብ ቤት አግዳሚ ላይ አደሩ። ይህን ሁሉ ሲነግሯት ምሬት የለባቸውም፤ የራሳቸውን ስህተት የሚያስረዱ ሰው ይመስላሉ።

«የመጣሁት» አሏት፤ «ያንን ቦታ እንደገና እንድትተርኪልኝ ነው። አባትየው በሩ ላይ የሚለውን። መንገድ ላይ ይዤው ነበር፣ በሩ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። እኔ ነኝ ብቻ አልኩ። ቃሉን ብናገረው ኖሮ ይወጣልኝ ነበር።»

 ያልተጻፈ ቃል በመርሳታቸው ራሳቸውን እየወቀሱ ነው። ስርጉት ጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«ቃሉ የለም፣ ጋሼ። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ አይልም። ጥራዙን ሳላነበው ምስጥ በላው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መጽሐፉ ላይ አባትየው ደብዳቤውን ሳይከፍት ነው የሞተው።»

ጋሽ ፈረደ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። በዚያ በፈዘዘ ዓይናቸው ፊቷን ይፈልጉ ነበር። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጧት፣ በዱላቸው ቢሏት ደስታዋ ነበር። ሳይከፍት ሞተ አሉ ለራሳቸው። ቀስ ብለው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። ለመነሣት ዱላቸውን ፈለጉ።

ስርጉት እጃቸውን ያዘች። ለምን እንደያዘችው አታውቅም፤ እንዲህ ሆነው ከሄዱ ዳግመኛ ቀና ብላ ሰው እንደማታይ ገብቷት ይሆናል። ያን ጊዜ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ በሯ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ አለ። እሷ ውስጥ ነበረች፤ አልከፈተችም።

«ይኸም የፈጠርሽው ነው?» አሏት።

«አይደለም።»

 መጋዘኑ ውስጥ ማበጠሪያው ማሽን ያጓራል፤ ሴቶቹ ከሩቅ ያዩዋቸዋል። ጋሽ ፈረደ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«አንዴ ነው ያንኳኳው? እኔ አንዴ ነው ያንኳኳሁት። ሁለተኛ ማንኳኳት አፈርኩ። ሁለተኛ ቢያንኳኳ ትከፍቺለት ነበር?»

አዎ ልትላቸው ፈለገች። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው፣ ነገውኑ ተነሥተው እንደሚሄዱ አይታዋለች። ያንን አዎ እንደ ትኩስ ፍም ዋጠችው።

«አላውቅም፣ ጋሼ። በሩ ላይ ተለጥፌ ቆሜ ነበር። እግሩ ሲርቅ እሰማ ነበር። ይህን ብቻ ነው የማውቀው።»

ጋሽ ፈረደ ዱላቸውን አነሡ። ከዚያ ሳጂድ መቼ ወደ አብርሃ ጅራ እንደሚጭን ጠየቋት። ሰኞ አለቻቸው። ሰኞ አሉና በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆመው ሳይዞሩ ጠየቁ።

«አባትሽ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ሳንጃ ነው?»

«ሳንጃ ነው» አለች።

ሌላ አልጠየቋትም። ስርጉት የዱላቸው ድምፅ ሲርቅ እየሰማች እስከ በሩ ተከተለቻቸው።